ከባንኮኒ ጀርባ

(ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ የኛ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በተሰባሰቡበት ቅዳሜ ከሰዓት የተናገርኩት ነው። «ጽፈህ አስቀምጠው» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ። ያወጣሁት ሳቁንና የሲኒውን ኳኳታ ብቻ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ?

አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ? እንደሱ አይደለም! ሱቅ ዘግቶ የመጣ ሰው በዚህ ድምፅ ነው እንዴ ሰላም የሚለው? እንደምን ዋላችሁ! ተመስገን። አሁን ሆነ።

አዘጋጆቹ ደውለው «ስለዚህ አገር የዱር እንስሳት ትንሽ አጫውተን» ሲሉኝ፣ «ስለ አንበሳ ነው?» አልኳቸው። «አዎ፣ አንበሳ፣ ዝሆን፣ እንደሱ» አሉኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና ዛሬ አንበሳ የለም። ዝሆንም ስሙ የሚነሳው በዘመዱ በኩል ብቻ ነው። እኔ የማወራችሁ ከጉልበታችሁ በታች ስላሉት ነው። ስለ ሽኮኮ፣ ስለ ሚርካት፣ ስለ እንሽላሊት፣ ስለ ኤሊ። አዎ፣ ስለ እባብም። እትዬ፣ አይዞዎት፣ ፎቶውን እንኳን አላመጣሁም።

ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛ፣ እነማን ናቸው? ሁለተኛ፣ እንዴት ይታያሉ? ሦስተኛ፣ ምን አናድርግ? ወሬ ስለምወድ ከመንገድ ከወጣሁ መልሱኝ።

መጀመሪያ ግን እኔ ማን ነኝና ነው ስለዚህ የማወራው? ተመራማሪ አይደለሁም። ባለሱቅ ነኝ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከጂፒ፣ ከዚሁ ከጆሃንስበርግ አካባቢ ማለቴ ነው፣ ዕቃ እየጫንኩ አፒንግተን አካባቢ 11 ዓመት ነግጃለሁ። ስጀምር ሎኬሽን፣ ከከተማ ዳር ባሉት ሰፈሮች፣ ነበርኩ፤ ብርድ ልብስ ተሸክሞ በር ማንኳኳት። ኋላ ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። አፒንግተንን የምታውቁ እጅ አውጡ እስቲ? ሦስት ሰው። እንግዲህ ለቀሪዎቻችሁ፣ ከኦሬንጅ ወንዝ ዳር፣ ከካላሃሪ በረሃ ጥግ ያለች ከተማ ናት። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ይሠራል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እኛ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምንሠራው ምንድን ነው? መሸጥ? እውነቱን እንነጋገር። የምንሸጠው ተደማምሮ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ሌላውን ጊዜ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቁጭ ብለን እናያለን። ማን ዳቦ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚገዛ እናውቃለን። ማን ዱቤ ሊጠይቅ እንደመጣ ገና ከበሩ በአረማመዱ እናውቃለን። የማን ዓይን ወደ የት መደርደሪያ እንደሚሄድ እናውቃለን። አይደለም እንዴ? እንግዲያው የሠለጠናችሁ የእንስሳት ተመልካቾች ናችሁ። የቀራችሁ ወንበሩን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ይህንን ያዙልኝ፤ ዛሬ የምለው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚዞረው።

ወደ አንደኛው ነጥብ። ከሽኮኮ ልጀምር፤ የአገሬ ልጅ ነውና።

እኔ ያደግኩት አንኮበር አካባቢ ነው። ገደሉ ላይ ሽኮኮ ሞልቷል። ልጅ ሆነን ድንጋይ እንወረውርበት ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ዳዊት የምትደግሙ ታውቁታላችሁ፤ ዓለት የሽኮኮ መሸሸጊያ መሆኑ መዝሙሩ ላይ ተጽፏል። እዚህ አገር ስመጣ ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ መጀመሪያ የተቀበለኝ እሱ ነው። እዚህ ዳሲ ይሉታል። ኬፕታውን ቴብል ተራራ ላይ ለቱሪስት ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ እንደኛዎቹ ድንጋይ አልቀመሰም መሰለኝ።

በነገራችን ላይ አንዳንድ መዝገበ ቃላት ዛፍ ላይ የሚወጣውን፣ ጭራው ጎፈር የሆነውን ስኩረል «ሽኮኮ» ይሉታል። ልጆች፣ ትምህርት ቤት እንደዛ ብላችሁ እንዳትተረጉሙ። ሽኮኮ ጭራ የለውም። አለቀ።

ታዲያ ይህ ጥንቸል የሚያክል፣ 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፍጡር የማን ዘመድ ነው? የአይጥ? የጥንቸል? አይደለም። የዝሆን ነው! አትሳቁ። በሕይወት ካሉ እንስሳት ሁሉ ለሽኮኮ የቅርብ ዘመዶቹ ዝሆንና ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ማናቲዎች ናቸው። ወንዱ ሽኮኮ ሲያዛጋ ከላይ ሁለት ሹል ጥርስ ታያላችሁ። የዝሆን ጥርስ የወጣው ከዚያው ከፊት ጥርስ ቦታ ነው። እርግዝናውን ተመልከቱ፤ ሴቷ ወደ 7 ወር ትሸከማለች። ጥንቸል በአንድ ወር ትገላገላለች።

ሽኮኮ የሰውነቱን ሙቀት በደንብ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ለተመልካች ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። አንዱ ግን አይሞቅም። ከፍ ብሎ ተቀምጦ ሰማይ ያያል። ለምን? ጥቁር ንስር አለች። ዋና ቀለቧ ሽኮኮ ነው። ዘበኛው አንዴ ሲጮህ ተራራው ባዶ ይሆናል። እኔ ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅባቸውም።

አንድ ነገር ልጨምርና ሽኮኮን ልተው። ሽኮኮ ሽንት ቤት አለው። ትውልድ ከትውልድ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሸናው። ያ ነገር ደርቆ፣ ተደራርቦ እንደ ጥቁር ሙጫ ይሆናል። አንዳንዱ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዓመት ዕድሜ አለው። ተመራማሪዎች እየቆረጡ በውስጡ የቀረውን የአበባ ብናኝ ያያሉ፤ ድሮ እዚህ ምን ይበቅል እንደነበር፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበር ያነባሉ። ሽቶ ቀማሚዎችም ይገዙታል። ምነው ፊታችሁን አጨማደዳችሁ? የኛ ዝባድ ከጥርኝ ከየት ተጠርጎ ነው የሚመጣው? እንደሱ ነው።

ከዚሁ ከዝሆን ወገን ሌሎችም አሉ። ሰንጊ የሚባል አለ። አይጥ ይመስላል፣ አፍንጫው ግን እንደ ትንሽ ኩምቢ ይንቀሳቀሳል። ፈረንጆቹ ገና ዝምድናው ሳይታወቅ በዝሆን ስም ጠርተውት ነበር፤ ኋላ በደሙ ሲመረመር እውነት ሆኖ ተገኘ። ወርቃማ ፍልፈል አለ፤ ዓይኑ በቆዳ የተሸፈነ፣ አሸዋ ውስጥ እንደ ዓሣ የሚዋኝ። ዴ ዊንተን የሚባለውን ዓይነት ከ80 ዓመት በላይ ያየው ሰው አልነበረም። ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ2023 ፖርት ኖሎት አካባቢ መኖሩ ተረጋገጠ። ያገኙት በምን መሰላችሁ? ጄሲ በምትባል ውሻ አፍንጫና ከአሸዋው ላይ በተለቀመ የእንስሳው ዲኤንኤ። አሸዋ አበጥረው ማለት ነው።

ምስጥ የሚበላው አዋልዲጌሳም አለ። ኦሮሚያና ደቡብ ያደጋችሁ ጉድጓዱን ታውቁታላችሁ። እሱ የሰፈሩ ግንበኛ ነው። ቆፍሮ ጥሎ ሲሄድ ጃርቱም፣ ከርከሮውም፣ ሌላውም ያለ ኪራይ ይገባል። በሌሊት ነው የሚወጣው። በቀን ያየው ሰው ይደሰታል፤ ፎቶ ያነሳል። የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግን ካላሃሪ ውስጥ በ2013 ድርቅ ጊዜ በቀን መውጣት የጀመሩትን ሲከታተሉ፣ ከ6ቱ 5ቱ ሞቱባቸው። ምስጥ ጠፍቶ፣ ከስተው፣ የሌሊቱን ብርድ መቋቋም ስላልቻሉ ነበር ለካ በፀሐይ የሚወጡት። ከዚያ ወዲህ እኔ አዋልዲጌሳ በቀን ማየት አልፈልግም።

አሁን ወደ ሚርካት። ልጆች፣ የጠበቃችሁት መጣ።

መጀመሪያ ያየሁበትን ቀን ልንገራችሁ። ከአፒንግተን ወደ ሰሜን ዕቃ ጭኜ ስሄድ ባኪዬ፣ ፒክአፕ መኪናዬ፣ ተበላሸ። ሌሊት ነው። ስልክ አይሠራም። ጫማዬን ሳላወልቅ፣ የምሸጠውን ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ። ሐምሌ ነበር። ጎህ ሲቀድ ብርዱ ቀሰቀሰኝ። በመስኮት ሳይ ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ሃያ እርምጃ ላይ፣ የአሸዋ ክምር አለ። ከክምሩ ውስጥ አንድ ጭንቅላት ወጣ። ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር፣ መነጽር ያደረገ ይመስላል። ግራ አየ። ቀኝ አየ። ገባ። እንደገና ወጣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። 14 ቆጠርኩ። በሁለት እግራቸው ተሰልፈው ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጡ። ሆዳቸው ላይ ፀጉሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ከሥሩ ጥቁር ቆዳ አለ፤ ሙቀት ቶሎ ይስብላቸዋል። አንዷ ቆማ ያንቀላፋታል። ጭንቅላቷ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ይልና ልትወድቅ ስትል ቀና ትላለች። ልክ የማለዳ ታክሲ ወረፋ! እኔ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

መካኒኩ በአራት ሰዓት ደረሰ። «ይቅርታ ዘገየሁ» አለኝ። ለምን ትቸኩላለህ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ሚርካት የሙጭልጭላ ወገን ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም። ከኩሩማን ወንዝ አጠገብ ቲም ክላተን ብሮክ የሚባሉ የካምብሪጅ ፕሮፌሰር በ1993 የጀመሩት ጥናት አለ፤ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ሚርካቶቹን በየቤተሰባቸው ይከታተላሉ። እንስሳቱ ሰው ለምደዋል፤ ሚዛን ላይ ወጥተው ይመዘናሉ። ከዚያ የተገኘውን አንዱን ልንገራችሁና ወላጆች ፍረዱ።

ሚርካት ጊንጥ ይበላል። ግልገሉ ግን ጊንጥ መያዝ አያውቅም። ታዲያ ትልልቆቹ ምን ያደርጋሉ? ለሕፃኑ የሞተ ጊንጥ ያመጡለታል። ትንሽ ከፍ ሲል፣ በሕይወት ያለ ግን መንደፊያው የተነቀለ። ሲጎረምስ፣ ሙሉውን ጊንጥ። ቢያመልጠው መልሰው ያቀርቡለታል። ይህ በ2006 የታተመ ነው። ዕድሜውን እንዴት ያውቃሉ? በድምፁ። ተመራማሪዎቹ የትልልቅ ግልገሎችን ልመና ቀድተው ትንንሾቹ አጠገብ ሲያሰሙ፣ አዋቂዎቹ ተታለው ያልተነካ ጊንጥ ማምጣት ጀመሩ። እኔ ልጄን ካሽ ያስተማርኩት እንደዛ ነው። መጀመሪያ ሳንቲም፣ ከዚያ አሥር ራንድ፣ ከዚያ ወር መጨረሻ ላይ ብቻውን። ያየሁት ከማን እንደሆነ እናቱ እስከ ዛሬ አታውቅም። አሁን አወቀች።

ሚርካት ባለበት ደግሞ ሌባ አለ። ድሮንጎ የሚባል ጥቁር ወፍ፣ ጭራው እንደ መቀስ የተከፈተ። ዛፍ ላይ ሆኖ ጭልፊት ሲመጣ ይጮሃል። እውነቱን ነው። ሚርካቶቹ ያምኑታል፣ ይሸሻሉ፣ ይድናሉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ አንዱ ሚርካት ጠቀም ያለ ነገር ቆፍሮ ሲያወጣ፣ ጭልፊት ሳይኖር ይጮሃል! ሚርካቱ ጥሎ ይሮጣል፤ ወፉ ወርዶ ያነሳል። ማመን ሲያቆሙ የራሳቸውን የሚርካቶቹን ጩኸት አስመስሎ ይጮሃል። ይህን ሳነብ ማን እንደታወሰኝ አልናገርም። እዚሁ አለ።

ከመንገድ ወጣሁ? አልወጣሁም። እንሽላሊት ጋ ነኝ።

ከአፒንግተን ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ኦግራቢስ ፏፏቴ አለ። ሰው ሁሉ ውሃውን ነው የሚያየው። እናንተ ከእግራችሁ ሥር ያለውን ድንጋይ እዩ። ጠፍጣፋ እንሽላሊት አለ፤ ወረቀት በማይገባበት ስንጥቅ ይገባል። ወንዱ ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ ጥቁር፣ ምኑ ቅጡ። እንሶስላ ተቀብቶ ለሠርግ የወጣ ይመስላል። ሴቷ ግን ጠቆር ብላ ሦስት መስመር ያላት፣ ጨዋ ናት። አንድ ቀን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሙዝ ስበላ አንዱ ወንድ መጥቶ የጫማዬ ክር ላይ ወጣ። እግሬን አላነቃነቅኩም። ትንኝ የመሰሉ ጥቁር ዝንቦች ከወንዙ ሲነሱ ዘሎ፣ አየር ላይ ተገልብጦ ያዘና ተመልሶ ጫማዬ ላይ አረፈ። የሆዱ ትርታ በጫማዬ ቆዳ ላይ ይታየኛል። ሙዙ እጄ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ የመንደር ወሬ አለ። ከጎረምሶቹ አንዳንዶቹ ቀለማቸውን ሳያወጡ፣ ሴት መስለው ይቆያሉ። ለምን? ትልልቆቹ ወንዶች እንዳይደበድቧቸው። ሴት መስለው በመሃል ያልፋሉ፤ ለሴቶቹም ይቀርባሉ። ትልቁ ወንድ ጠጋ ብሎ ቢያሸታቸው ያውቅባቸዋል፤ ስለዚህ ራቅ ብለው ነው የሚሄዱት። መልክን መደበቅ ይቻላል፤ ጠረን ላይ ግን አልቻሉም።

ስለ ጠረን ካነሳን፣ እትዬ ጆሮዎን ይያዙ፣ እፉኝት።

ፓፍ አደር የሚሉት እኛም አገር ያለው ወፍራሙ እፉኝት ነው። አይሮጥም፤ ተኝቶ ይጠብቃል። ችግሩም ይኸው ነው፤ ሰው ስለማያየው ይረግጠዋል። እዚሁ ከተማችን ዊትስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች በ2015 ያሳዩት ነገር አለ። የሠለጠኑ ውሾች የሌሎች እባቦችን ሽታ ለይተው ሲያገኙ፣ የዚህን እባብ ግን ማግኘት አቃታቸው። ሚርካቶችም እንዲሁ። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል! ውሻ በአጠገቡ ያልፋል። ደግሞ ምላሱን ዘርግቶ እንደ ትል እያወዛወዘ እንቁራሪት ይጠራል።

እኔ አንድ ጊዜ ከሱቄ ጀርባ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላነሳ ስል አንዲት የሰፈር እናት «አትንካ!» ብለው ጮሁብኝ። ቆምኩ። ምንም አይታየኝም። ቅጠል ነው፣ አሸዋ ነው። በጣታቸው እያመለከቱ «እዛ፣ እዛ» ይሉኛል። አሁንም አይታየኝም። ከዚያ ቅጠሉ ዓይን አወጣ። ከእጄ እስከሱ አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። ከፍርግርግ ጀርባ 11 ዓመት አያለሁ ያልኩት ሰውዬ ነኝ እንግዲህ።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። እንዴት ይታያሉ? አጭር ነው።

ቁጭ በሉ። በቃ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ክሩገር ፓርክ የሄድኩት ከአስጎብኚ ጋር ነው። ሰውየው በሬዲዮ «አንበሳ» በተባለ ቁጥር መኪናውን ያበርራል። መንገድ ላይ ነብር የመሰለ ዥጉርጉር ኤሊ እያቋረጠ አየሁና «እባክህ ቁም» አልኩት። «ኤሊ ነው እኮ» ብሎኝ አለፈ። አንበሳው ጋ ስንደርስ 20 መኪና ቆሞ ነበር። ያየሁት የሌላ መኪና ጣሪያ ነው። ለዛ መክፈሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰዓት ምረጡ። ለሽኮኮና ለሚርካት ጠዋት። ለእንሽላሊት ረፋድ፣ ድንጋዩ ሲሞቅ። ካላሃሪ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሁሉም ሲደበቅ የምድር ስኩረሏ ጭራዋን በራሷ ላይ እንደ ጃንጥላ ዘርግታ ስትበላ ታገኟታላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ መኪናችሁን አጥፉና መስኮት ክፈቱ። «ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ» የሚል ድምፅ ከየጉድጓዱ ይነሳል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ በረሃው በሙሉ ያጨበጭባል። ጣት የምታክል እንሽላሊት ናት፤ ጉድጓዷ አፍ ላይ ሆና ነው የምትጮኸው። ልክ ነኝ፣ ወንዱ ነው የሚጮኸው፣ ሴቷን ለመጥራት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው የባኪዬ ሞተር መስሎኝ ወርጄ ኮፈኑን ከፍቻለሁ።

ለእስስት ማታ፣ በባትሪ። ቀን ላይ ቅጠል መስላ ዓይናችሁ ሥር ብትሆን አታገኟትም። ሌሊት ግን ስትተኛ ቀለሟ ይነጣል፤ መብራት ስታበሩ ቅርንጫፉ ላይ ታበራለች። እዚህ አገር ብዙ ሰው እስስት ይፈራል። ዙሉዎቹ የሚሉት አላቸው፤ ፈጣሪ «ሰው አይሞትም» የሚለውን መልእክት በእስስት ላከ አሉ። እሷ መንገድ ላይ ፍሬ ስትበላ ዘገየች። ከኋላ «ሰው ይሞታል» የሚለውን ይዞ የተላከው እንሽላሊት ቀድሟት ደረሰ። እኛም ቤት ስሟ ጥሩ አይደለም፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው «እስስት» ይባላል። ናሚቢያ በረሃ ያለችው ግን ቀለም የምትቀይረው ለማታለል ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ሙቀት ለመሳብ ትጠቁራለች፣ ቀትር ላይ ለመመለስ ትነጣለች። ምስኪን፤ ብርድ ነው የያዛት።

ሦስተኛው ነጥብ። ምን አናድርግ? እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ኤሊ አታንሱ። ይህ አገር ከየትኛውም አገር በላይ የየብስ ኤሊ ዓይነት ያለው ነው፤ 14 ዓይነት። ናማኳላንድ ውስጥ ያለው ትንሹ በዓለም ትንሹ ነው፤ መዳፍ ላይ ይገባል። ከላይ ያነሳሁት ዥጉርጉሩ እኛም አገር አለ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘሁና አዘንኩለት፤ መኪና እንዳይገጨው አንስቼ ባኪው ወንበር ላይ አስቀምጬ ወንዝ ዳር ልወስደው። ወዲያው ወንበሩን አጠበው። ቢያንስ ሁለት ሲኒ! እኔ በሽታው ተናድጄ ነበር። ኋላ አንድ የአካባቢው ገበሬ ነገረኝ፤ ያ የፈሰሰው ለደረቅ ወራት ያስቀመጠው ውሃ ነው። ሰፈሩንም አስለቅቄዋለሁ፣ ስንቁንም አስደፍቼዋለሁ። በጎ ያደረግኩ መስሎኝ። መንገድ ላይ ካያችሁት ሲሄድበት ወደነበረው ጎን፣ ከመሬት ብዙ ሳታነሱ፣ አሻግሩትና ተውት።

ሚርካት ቤት አታሳድጉ። ልጆች ይለምኗችኋል፣ አውቃለሁ። ያለ ፈቃድ ማሳደግ ወንጀል ነው። አንድ ጎረቤቴ በገመድ አስሮ ነበር። ገመዱ እስከደረሰበት ቀኑን ሙሉ ይቆፍር ነበር። ሲሚንቶ ነው እኮ። ሲሚንቶ ይቆፍር ነበር።

ፎቶ ስታነሱ ቦታውን አትለጥፉ። ይህን በተለይ ለወጣቶች ነው የምለው። በምዕራቡ ዳርቻ ሲፈራ የራሱን ጭራ ነክሶ እንደ ቀለበት የሚጠቀለል፣ ጀርባው እሾህ የሆነ እንሽላሊት አለ። ቤተሰብ ሆኖ አንድ ስንጥቅ ውስጥ ይኖራል። መልኩ ስላማረ ሌቦች ዓለቱን በብረት ፈልቅቀው ያወጡትና ወደ ውጭ ይሸጡታል። የናንተ ፎቶ ካርታ ሊሆናቸው ይችላል። ደግሞ እኛ የውጭ አገር ሰዎች ነን። ኪሳችሁ ውስጥ እንሽላሊት ተገኝቶ «ለልጄ ነው» ብትሉ ማን ይሰማችኋል? እኛ በፓስፖርታችን የሚደርስብን ይበቃናል።

እባብ ያለበት አገር ስትሄዱ ደግሞ የተዘጋ ጫማ። እጃችሁን ዓይናችሁ ያላየበት ቦታ አታስገቡ። ቢነክስ መብጣት የለም፣ መምጠጥ የለም፣ ማሰር የለም፤ ሐኪም ቤት። ጨረስኩ።

አይ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቅ የሚይዝለት ያገኘ ሰው ከኔ ጋር ይምጣ። ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ሩደፖርት፣ ዋልተር ሲሱሉ የአትክልት ቦታ። ፏፏቴው አጠገብ ገደሉ ላይ ጥቁር ንስሮች ጎጆ አላቸው። ከሥራቸው ሽኮኮ አለ። ዘበኛውን ታዩታላችሁ። በጠዋት፣ ሽቶ ሳትቀቡ፣ ስልክ ድምፁ ጠፍቶ። ቆሎና የሚታጠፍ ወንበር ያላችሁ ያዙ፤ ቡናውን እኔ በፔርሙስ አመጣለሁ።

እሺ፣ አንተ ልጅ፣ እጅህን ያወጣኸው? ጮክ በል። «ሽኮኮ ይናከሳል?»

ይናከሳል። ያ ሁሉ የዝሆን ዘመድ ነው ያልኩህ በከንቱ መሰለህ? እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርገህ ና።